ከሙዚቃው ኋላ

ትናንት የልጅ ልጄ ስልኳን ከፍታ ያን የአሜሪካኖች ሙዚቃ፣ ብዙ ሰው አንድ ላይ ጥሩምባ የሚነፋበትንና እንደ ማሲንቆ የሚገዘግዝበትን፣ አሰማችኝ።

ያ ሙዚቃ መጀመሪያ ወደ እኛ የመጣው በድርቁ ዘመን ነው፣ እዚሁ መካነ ሰላም። ታላቅ ወንድሜ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ወሬው ጠፋ። ቆይቶ ከሹፌር ወደ ሹፌር ተቀባብሎ የደረሰ ካሴት ላከልን። ቴፕ ያላቸው ባለሱቁ ጋሼ ይመር ብቻ ስለነበሩ ጎረቤቱ ሁሉ እሳቸው ደጅ ተሰበሰበ።

«እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ያለሁት...» አለ ወንድሜ። ድምፁ ተቋረጠና ሙዚቃው ተተካ።

«የአሜሪካኖች ካሴት ላይ ነው የቀዳው» አሉ ጋሼ ይመር። «መቶ ሰው ነው አሉ የሚጫወተው።»

«በረዶ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚያጓራ» አለ አንዱ።

«ኧረ የሰርግ ነው» አለች ጎረቤታችን።

አንድ ሽማግሌ፣ «አጃኢብ ነው፤ መቶውን ሰው ማን ያበላዋል?» ቢሉ ያ ሁሉ የተራበ ሰው ሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። «እባካችሁ ዝም በሉ፣ ልጄ ከኋላቸው ሆኖ እየተናገረ ይሆናል» አለች። ካሴቱ እስኪያልቅ ጆሮዋን ከቴፑ አላነሳችም። ወንድሜ የት እንዳለ ግን ሳይነግረን ቀረ። ያ ሙዚቃ እስካሁን ያናድደኛል።

«ያምራል እማማ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

እኔ ሙዚቃውን መች ሰምቼው አውቃለሁ፤ ሁልጊዜ ከኋላው ወንድሜን ነው የማዳምጠው።