የግንቦት ሚካኤል ፎካሪ

በጠመንጃዬ ስንት ሰው እንደገደልኩ አላውቅም። ምናልባት አንድም አልገደልኩም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምተኩሰው። በምላሴ ግን ክፍለ ጦር ፈጅቻለሁ። በየዓመቱ ግንቦት ሚካኤል አንኮበር እወጣለሁ፣ አንዲት እናት ለሞተ ልጇ ዝክር በምትዘክርበት ቤት ጠላዬን እጠጣለሁ፣ ብድግ ብዬ "ዘራፍ!" እላለሁ፣ ጠላትን ድምጥማጡን አጠፋለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ንፍሮዬን እቆረጥማለሁ።

ሥራዬ ጥበቃ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ አንድ ፋብሪካ በር ላይ። በሃያ ዓመቴ መንግሥት አምኖኝ ክላሽና ሁለት ቦምብ ሰጥቶኝ ነበር። ፋብሪካው ደግሞ በአርባ ዓመቴ ዱላና ፊሽካ ሰጠኝ። እድገት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ሠራተኞቹ ሲገቡ "ጀግናው፣ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ታንክ አለ፣ ፈትሽ!" እያሉ ይሳለቁብኛል። ግዴታዬ ነውና እፈትሻለሁ። ሽሮ ነው።

የዝክሯ ባለቤት ልጅና እኔ አንኮበር አብረን ተማርን፣ አብረን ከትምህርት ቤት ቀረን፣ ለድንበሩ ጦርነትም በአንድ ቀን ተመዘገብን። አንድ ልጇ ነበር። የምንሄድበት ቀን እናቱ የጭነት መኪናው ድረስ መጥታ ራሷ የፈተለችውን የበግ ጠጉር ባና አሸከመችው። "ልጄን ብርድ እንዳይመታብኝ" አለች። የምንሄደው አፋር በረሃ ነው! ድንጋዩ ላይ እንቁላል የሚጠበስበት አገር! የእኛ ሰው ግን ብርድ የሌለበት አገር አለ ቢሉት አያምንም፤ እሷም አላመነችም። ጓዴ እንደሆነ ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣል አደረገው።

ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ሁላችንም ፎከርን። ዋሻው ድምፃችንን አባዝቶ መለሰልን፤ እኛም ብዙ የሆንን መስሎን ደረታችንን ነፋን። ደብረ ሲና ሴቶቹ ቆሎ በእፍኝ እፍኝ እየወረወሩ እልል አሉልን። እውነቱን ለመናገር በዚያ ጦርነት ውስጥ ደስ ያለኝ እስከ ደብረ ሲና ድረስ ብቻ ነው።

ከዓመት በኋላ ብቻዬን ተመለስኩ። መርዶው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ልቅሶ ልደርስ ገባሁ። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። እናትየው ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ አፍ አፌን ታየኛለች። ምን ልበላት? "በአንድ ጥይት፣ ግንባሩን ተመትቶ፣ ምንም ሳይሰማው 'ኢትዮጵያ!' ብሎ ወደቀ" አልኳት። ግንባሩን የተመታ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚጮህ የጠየቀኝ የለም። ሰው የሚፈልገውን ሲነግሩት ሒሳብ አይሠራም። አጎቱ ከመቀመጫው ተነስቶ "ዘራፍ!" አለ፤ ቀጥሎ "አንተም ጓዱ ነህ፣ ፎክርለት እንጂ!" ብሎ ጎተተኝ። እኛ ዘንድ ጀግና ሲሞት ጓዱ ይፎክርለታል። ፎከርኩ።

አንዴ ፎክረህ ማቆም የሚባል ነገር የለም ለካ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጠላት ጣለ አልኩ። በአምስተኛው መትረየስ ማረከ። በአሥረኛው ጠላው ጥሩ ነበር መሰለኝ ታንክ አቃጠለ። ወድቆም አልቀረም፤ እኔ ነኝ በጀርባዬ ተሸክሜ በጥይት መሃል ያወጣሁት። ሰዉ ያጨበጭባል፤ የንስሐ አባቷ መምሬ እንኳ "እሰይ የኔ አንበሳ!" ይላሉ። ለእኔ የሚቀርበው ወጥ ላይ እንቁላሉ ሁለት ነው። በየዓመቱ ሁለቱንም በላሁ።

ዘንድሮ ስሄድ አንኮበር እንደ ልማዱ ጉም ውጦታል፤ በሯን ያገኘሁት በዳበሳ ነው ማለት ይቻላል። የጓዴ እናት፣ እማማ፣ መደብ ላይ ጋደም ብለዋል። እግራቸው ከታሰረ ቆይቷል፤ ዘንድሮ ደግሞ ድምፃቸውም ሰልሏል። ጎረቤታቸው ጆሮዬ ላይ "አደራህን፣ ፉከራውን አሳጥረው፣ ደክመዋል" አለችኝ። ጦርነት አሳጥር ስባል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

መምሬ ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ቆረሱ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ከዚያ ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ተነሳሁ። "ዘራፍ!" አልኩ፤ መትረየሱን አስማረክሁት፣ ታንኩን አቃጠልኩለት፣ በመጨረሻ "ኢትዮጵያ!" ብሎ ሲወድቅ እጄን ወደ ሰማይ ሰቅዬ ቆምኩ። ሊያጨበጭቡ ሲሉ እማማ ከጋቢያቸው ውስጥ እጃቸውን አወጡ።

"ቆይ ልጄ። ቁጭ በል እስቲ።"

ቁጭ አልኩ።

"ሳልሞት አንድ ነገር ልጠይቅህ። አገሩን ጠራ አልከኝ። ይጥራ፣ ደግ አደረገ። እኔንስ?"

"እርስዎን ምን፣ እማማ?"

"እኔንስ አልጠራኝም ወይ? ይኸው ሃያ ምናምን ዓመት እጠብቅሃለሁ። መትረየስ ስትጨምርለት፣ ታንክ ስትጨምርለት 'ዘንድሮስ እኔንም ይጨምረኝ ይሆናል' እላለሁ። አንዴ እንኳ እናቴ አላለም? ያን ባና በዚያ ሐሩር ስላሸከምኩት ተቀየመኝ እንዴ?"

ወይ ጉዴ! እኔ እኮ ለእሷ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር። በየዓመቱ እየመጣሁ፣ እንቁላሏን እየበላሁ፣ እየተጨበጨበልኝ፣ ልጇ እንዳልጠራት ስነግራት ኖሬያለሁ! አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። የሚያስተዛዝነኝ ሌላ ውሸት ፈለግሁ፤ ሁለት ቃል ብጨምር እኮ ያልቅ ነበር። "እናቴ ብሏል፣ ረስቼው ነው" ብዬ ንፍሮዬን መቀጠል። ግን "ረስቼው ነው" የሚለው ከጉሮሮዬ አልወጣ አለ። ያን ነገር አንድ ቀን አልረሳሁትም።

"ጠርቶዎታል" አልኩ። "ቀኑን ሙሉ ነው የጠራዎት።"

ከዚያ ነገርኳቸው፤ ቁጭ ብዬ፣ ያለ ዘራፍ።

ጥይቱ ያገኘው ሆዱን ነው። ጠዋት፣ ገና ከምሽጋችን ወጥተን ሠላሳ እርምጃ ሳንሄድ። እኔ ከተረፉት ጋር ወደ ምሽጉ ዘልዬ ተመለስኩ፤ እሱ መመለስ አቃተው። ፊት ለፊታችን የትናንት ሬሳ በፀሐይ አብጦ ተዘርግቷል፤ የማን እንደሆነ መለየት ያቆምንበት ጊዜ ነበር። እሱ በመሃላቸው ወድቆ "እታለም!" ይላል። እናቱን የሚጠራት እንደዚያ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እናቴ ብሏት አያውቅም። "እታለም! ውሃ! እታለም!"

መቶ አለቃው "ማን ወጥቶ ያመጣዋል?" አለ። ማንም አልከለከለኝም። መከልከል ቀርቶ ፈቃደኛ ነው የተጠየቀው። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ። አስሬ ስጨርስ ፈታሁትና እንደገና አሰርኩት። ያን ቀን በግንባሩ ሁሉ እንደ እኔ ጫማ ጥብቅ ብሎ የታሰረ ጫማ አልነበረም። ታንክ ያቃጠልነው ጀግኖች እነሆ እኛ ነን።

እኩለ ቀን ላይ ውሃ ማለቱን ተወና እናቱን ብቻ መጥራት ያዘ። ከሰዓት ድምፁ ቀጠነ። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ዝም አለ።

"ኮዳህ ውስጥ ውሃ ነበረ?" አሉ እማማ።

"ነበረ።"

"ምን አደረግኸው?"

"ዝም ሲል ጠጣሁት።"

አንዷ ሴት "እሰይ አንተን ብሎ ጀግና!" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ወተፈች። መምሬ መስቀላቸውን አገላብጠው ያያሉ፣ አዲስ የገዙት ይመስል። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ የቀረችውን ተናገርኩ። በባናው አልተቀየመዎትም አልኩ። ምሽግ ውስጥ ሳቁበት፣ ጣለው አሉት፣ በዚያ ንዳድ ተንተርሶት ይተኛ ነበር እንጂ አልጣለውም። በማግስቱ ቦታውን ስንይዘው እኔ ራሴ ጠቅልዬ የቀበርኩት በዚያ ባና ነው። በጀርባዬ የተሸከምኩት ነገር ቢኖር ያኔ፣ ከሞተ በኋላ ነው።

ከቤት ያስወጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢያስወጡኝ ደስ ባለኝ፤ ጉሙ ውስጥ ገብቼ መኪና እፈልግ ነበር። እማማ ግን "ደግፉኝ" አሉ። ሁለት ሴቶች ይዘው ቀና አደረጓቸው፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፏቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"እንዴት አድርጎ ነው የጠራኝ?"

"አልኩዎት እኮ እማማ። እታለም እያለ።"

"እንደሱ አይደለም። እንደጠራኝ አድርገህ ጥራኝ።"

ሃያ ምናምን ዓመት በዚያ ቤት ስፎክር ያልተንቀጠቀጠ ድምፅ ከየት መጥቶ እንደተንቀጠቀጠ አላውቅም። "እታለም" አልኩ።

"አይሰማኝም።"

"እታለም!"

"አቤት!" አሉ። እንደ ወጣት ሴት፣ ማጀት ሆና ልጇ ከደጅ እንደጠራት ሴት ነው የመለሱልኝ። "አቤት ልጄ! አለሁ!"

ሰው ሁሉ ስቅስቅ አለ። እኔም ዓይኔን ጠርጌ ያለቀ መስሎኝ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ። ለደከመ ሰው ኃይለኛ አያያዝ ነበር።

"ቀኑን ሙሉ ነው የጠራኝ ያልከው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እንግዲያው አንድ ጊዜ አይበቃም። ጥራኝ።"

ጠራኋቸው። አቤት አሉ። ዳቦው ተነሳ፣ ጠላው ተነሳ፣ መምሬ አሳርገው ሄዱ፣ ሰው አንድ በአንድ ተሰናብቶ ወጣ። እኔ ተቀምጬ "እታለም" እላለሁ፣ እሳቸው "አቤት" ይላሉ። ድምፄ ሲዘጋ ጎረቤታቸውን በጣሳ ውሃ አስቀድተው ሰጡኝና "ጠጣ" አሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ውሃውን ግን ልጠጣው አልቻልኩም። አስቀመጥኩትና እንደገና ጠራኋቸው።