የጎሚስታው ጡጫ

ከጤና ጣቢያ የተሰጠችው ወረቀት ሦስት ቦታ የታጠፈች፣ ሰማያዊ፣ በጣም ደስተኛ ወረቀት ናት። በፊት ገጿ አንድ ሰውዬ ምንጣፍ ላይ ተንጋሎ ፈገግ ብሏል። የተንጋለለበት ክፍል የጎሚስታውን ቤት ከነአጥሩና ከነጎረቤቱ ይውጣል። መስኮቱ ላይ አበባ አለ፤ ምድጃ ላይ የሚገነፍል ድስት የለም፤ ከመጋረጃ ጀርባ እግሩ በጀሶ ታስሮ የሚያቃስት ዘመድ የለም። በመጨረሻው ገጽ ያው ሰውዬ ተነስቶ ቆሟል፤ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ተገላገልኩ!» ይላል። ከምን እንደተገላገለ አይናገርም። እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ሰው መጀመሪያውኑስ ምን ቆርጦት ተጨነቀ?

ትእዛዙ አጭር ነው። ጡንቻዎን አምስት እስኪቆጥሩ ድረስ ያጥብቁ። በአንድ ጊዜ ይልቀቁ። ሃያ እስኪቆጥሩ ይረፉ። ከእግር ጀምረው ወደ ላይ ይውጡ፤ እግር፣ ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ እጅ፣ ትከሻ፣ በመጨረሻም መንጋጋ። ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስንጮህ፣ ስንሰለፍ፣ አቤቱታ ስናስገባ የኖርነው ለካ ባታችንን ማጥበቅ ረስተን ኖሯል!

ጎሚስታው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በዋናው መንገድ ዳር፣ በአንድ የቆርቆሮ ዳስ ሥር የመኪና ጎማ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ሾፌሮች «ክርችም» ይሉታል። እሱ ያጠበቀውን ብሎን ሌላ ጎሚስታ ሲፈታ መጀመሪያ ፈጣሪውን ይጠራል፣ ቀጥሎ የክርችምን እናት። ሰውዬው በዚህ ይኮራል። ሌላ የሚኮራበት ነገር ስለሌለው አንፈርድበትም።

አሁን ግን ቀኝ እጁ አልዘረጋ ካለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጣቶቹ የሌለ መፍቻ እንደጨበጡ ቀርተዋል። ጠዋት ሲነቃ መንጋጋው ተቆልፎ ያገኘዋል፤ ቁርሱን የሚበላው በጥርሱ መሀል እያሾለከ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደ።

«ጭንቀት አለብዎት?» አለችው ነርሷ ቀና ሳትል።

«ኧረ ምን ጭንቀት አለብኝ።»

«ቤት ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

«ሥራስ?»

«ሥራ ያው ሥራ ነው።»

ሦስት ጊዜ ዋሽቶ አንድ ወረቀት ተሸለመ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ የሚኒባስ ሹፌር ነው፣ የፊት ቀኝ ጎማው ተንፍሶበት ወደ ዳሱ መጣ። ጎሚስታው ጎማውን ቀየረ፤ መኪናው በክሪክ እንደተነሳ አምስቱን ብሎን በእጁ አዞረና አስገባ። ከዚያ መኪናው መሬት ሲነካ አምስቱም በመፍቻ ይጠበቃሉ፤ ሃያ ሦስት ዓመት እንዲሁ ነው። ግን በመሀል አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ተራ የኔ ነው፣ ዘመድ ዘመድ እያልክ እስከ ማታ ልታቆመኝ ነው?» ብሎ ተነሳበት። ጎሚስታውም አፉን አልያዘም። ተሰዳደቡ። ጎሚስታው የዚያን ሰውዬ ስድብ ዛሬም ቃል በቃል ያስታውሰዋል። ብሎኖቹን በእጁ ማስገባቱን ያስታውሳል። የሚኒባሱን በር በመዳፉ መትቶ «ሂድ» ማለቱንም ያስታውሳል። ከስድቡ በኋላ፣ «ሂድ» እስኪል ድረስ የሆነውን አያስታውስም። ባዶ ነው።

ሚኒባሱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቁልቁለቱ ላይ ጎማውን ጣለ። ጎማው ብቻውን ከመኪናው ቀድሞ ወረደ፤ መኪናው ግንብ ገጨ። የሹፌሩ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ አንዲት ተሳፋሪ አስተማሪ ትከሻዋ ወለቀ። የትራፊክ ፖሊስ መዝገቡ ላይ «የአሽከርካሪ የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ጻፈ። ፖሊስ የሚወደው ሐረግ ነው፤ ተጽፎ የተዘጋጀ ይመስለኛል፣ ቀን ብቻ ይሞሉበታል። በሚመጣው ረቡዕ ጠዋት ሹፌሩ ትራፊክ ፖሊስ ቢሮ ቀርቦ ይህን ጥፋት አምኖ ሊፈርም ነው። ከፈረመ መንጃ ፈቃዱ ይነጠቃል፤ አስተማሪዋ ከከሰሰች ደግሞ እስርም አለ።

ሹፌሩን ፖሊሱ «ጎማው በደንብ ታስሮ ነበር?» ብሎ ጠይቆት ነበር፤ በጎሚስታው ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ ላይ እንዳለ። ያ የዋህ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጋሼ ያሰረው ጎማ አይወልቅም። ጉድጓድ አግኝቶኝ ይሆናል። የኔ ጥፋት ነው።» ጎሚስታው አጠገቡ ቆሞ ነበር። ጡጫው የተጨበጠው በዚያች ደቂቃ ነው።

ወረቀቷ ስለዚህ ምንም አትልም።

ዓርብ ማለዳ ጎሚስታው ከሥራ በፊት ወለሉ ላይ ተንጋለለ። እግሩ በሩን ነካ፣ ራሱ የቁም ሣጥኑን። ሚስቱ ወረቀቷን ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልብስ መተኮሻ ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ አንገት ላይ የተሰፋውን የአተጣጠብ መመሪያ ስታነብ ስለምትውል ትእዛዝ ማንበብ ታውቅበታለች።

«የቀኝ እግር ጣቶችዎን ወደ ታች አጥፈው ያጥብቁ» አለች። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አንቱ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

አጠበቀ። አምስት ቆጠረች። «ይልቀቁ።»

አልለቀቀም።

«ልቀቅ እንጂ አንተ ሰውዬ!»

«የጠበቀን ነገር ምን ብዬ ነው የማላላው? ቀጥዪ፤ ግራ ትከሻ።»

«ግራ ትከሻ የት ነው ያለው? ባት ነው የሚለው።»

«እነሱ ምን ያውቃሉ! በተራ ከሄድሽ ይጣመማል። ቀኝ እግር ካጠበቅሽ ወደ ግራ ትከሻ ትሻገሪያለሽ፣ ከዚያ ግራ እግር፣ ከዚያ ቀኝ እጅ።»

የጎማ ብሎን የሚጠበቀው እንዲህ ተሻግሮ ነውና ሰውዬው ገላውንም እንደ ጎማ ቆጠረው። መሐንዲስ ነው እኮ፤ ማን ይከራከረዋል? ቀኝ እግር፣ ግራ ትከሻ፣ ግራ እግር፣ ቀኝ እጅ፤ አንዱንም ሳይለቅ፣ በሙሉ ኃይሉ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አንገቱ ላይ ገመድ የሚያክል ሥር ቆመ። ባቱን ቁርጥማት ያዘውና ተወራጭቶ የቁም ሣጥኑን በር በግንባሩ መታው።

ከመጋረጃው ጀርባ ሹፌሩ ሳቀ። «ጋሼ፣ ጭንቀቱን ነው ሣጥኑን ነው የምታስወግደው?»

«ዝም በል፣ አንተን ብሎ አስተያየት ሰጪ።»

«እኔም አብሬህ እየሠራሁ ነው። አንድ እግር ስላለኝ ግማሽ ጭንቀት ነው የሚለቀኝ።»

ሚስቱም ሳቀች። ጎሚስታው ብቻ አልሳቀም፤ መንጋጋው አይፈቅድለትም።

ቀን ምሳ ሰዓት ከዳሱ ተመልሶ እንደገና ተንጋለለ። ሾፌሮችን «ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ተመለሱ፣ ደግሜ ላጥብቀው» ማለት ልማዱ ነውና ራሱንም ደግሞ ሊያጠብቅ መጣ። እንዲህ ያለ ተማሪ ያገኘ ወረቀት ደስ ሊለው ይገባል። ሰኞ ጠዋት አንገቱ ወደ ቀኝ መዞር ተወ። ዳሱ ላይ መፍቻውን በግራው ይዞ በቀኝ ጡጫው ይጫነው ጀመር፤ አንድ ጎማ አጥብቆ ሲጨርስ መልሶ ያጠብቃል፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ሮጦ ያስቆምና እንደገና። አንዱ ባለታክሲ «ክርችም፣ ጎማ ነው ወይስ ካዝና?» ብሎ ተሳለቀበት። ጎሚስታው ብሎኑን በግራ አውራ ጣቱ ዳሰሰው።

አንድ ነገር ግን ሚስቱ ልብ ብላለች። መልመጃው መንጋጋ ጋ ሲደርስ ባሏ «ዝለዪው» ይላል። ዓርብ ጠዋት ዘለለችው። ዓርብ ቀን ዘለለችው። እሑድ «ጥርሴን ያመኛል» አለ። ሰኞ «ሰዓት ሄደ» አለ። ሃያ ስምንት ዓመት አብራው ኖራለች፤ ጥርሱን አሞት እንደማያውቅ ታውቃለች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እሷም ከሥራ ቀድማ መጣች፤ የወንድሟን ሸሚዝ ለነገ ልትተኩስ ነው። ተኩሳ የቁም ሣጥኑ በር ላይ ሰቀለችው። ሹፌሩ ከመጋረጃው ጀርባ ነገ የሚለውን ይለማመዳል፤ «ጥፋቴን አምናለሁ፣ ልጆች አሉኝ፣ ቅጣቱ ይቅለልልኝ።» ሦስቴ አለው። በየጊዜው ድምፁን ይለዋውጣል፤ አንዴ ለዘብ፣ አንዴ ጠንከር። በየትኛው ድምፅ ሰው እንደሚያዝንለት እየሞከረ ነው።

ጎሚስታው ሳይጠየቅ ወለሉ ላይ ተንጋለለ። ሌላ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም። መንገድ ላይ ሚኒባስ ነው፤ ዳሱ ውስጥ ብሎን ነው፤ ቤት ውስጥ ሸሚዝ ነው።

«ዛሬ ከመንጋጋ ነው የምንጀምረው» አለች ሚስቱ።

«ዝለዪው ብያለሁ።»

«አልዘልም።» ወረቀቷን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ጥርስዎን አጥብቀው ይንከሱ። አንድ።»

ነከሰ። ያ ልማዱ ነው፤ ሦስት ሳምንት ነክሶ ነው የኖረው።

«ሁለት። ሦስት።»

ከመጋረጃው ወዲያ «ልጆች አሉኝ፣ ቅጣቱ...»

«አራት። አምስት። ይልቀቁ። አፍዎ በራሱ ይከፈት።»

ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው ቃል አልነበረም፤ የዛገ በር ሲከፈት የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ነው። ሚስቱ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሳች። ጎሚስታው ጣሪያውን እያየ፣

«ማጥበቄን አላስታውስም» አለ።

«ምኑን?»

«ጎማውን። የፊት ቀኙን። በእጄ አስገባሁት። ከዚያ ያ ሰውዬ ሰደበኝ። ከዚያ ሂድ አልኩት። በመፍቻ መያዜን አላስታውስም። ባስበው፣ ባስበው...»

ከመጋረጃው ወዲያ ልምምዱ ቆመ። ሚስቱ ወረቀቷን በሦስቱ እጥፋቶቿ መልሳ አጠፈቻት፤ እጇ ሥራ ስለፈለገ።

«አምስቱንም?» አለ ሹፌሩ በመጨረሻ።

«አምስቱንም አላስታውስም።»

«ፖሊሱ ሲጠይቀኝ እዚህ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ጋሼ ያሰረው አይወልቅም ስል ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሦስት ሳምንት» አለ ሹፌሩ። ድምፁ ከተለማመዳቸው አንዱንም አይመስልም። «ሦስት ሳምንት ሾርባ እያመጣህልኝ። ትራሴን እያስተካከልክ። ለካ...» አልጨረሰውም። «እታለም፣ መጋረጃውን ዝጊው።»

መጋረጃው ዝግ ነበር። እሷ ግን ሄዳ የተዘጋውን ጎትታ፣ ጫፉን ከግድግዳው ጋር አስነካችው።

ወረቀቷ እዚህ ላይ «አሁን የሚሰማዎትን የእረፍት ስሜት ያስተውሉ» ትላለች። ጎሚስታው አስተዋለ። ጡጫው ተጨብጦ ነበር፤ አሁንም እንደተጨበጠ ነው። ሰው ሲናዘዝ ይቀለዋል የሚሉ ሰዎች ራሳቸው የተናዘዙት ስለ ትንሽ ነገር ነው። ባቱ ብቻ፣ ያ ከዓርብ ጀምሮ የነደደው፣ ትንሽ ላላ። ይህንንም ለወረቀቷ እንመዝግብላት፤ አንበድላት።

ረቡዕ ጠዋት ሦስቱም ሄዱ። ሹፌሩ በክራንች፣ በተተኮሰው ሸሚዝ፤ እህቱ በመሀል፤ ጎሚስታው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ። ቢሮው ውስጥ ሁለት ጠረጴዛና አንድ የማይዞር ማራገቢያ አለ። መርማሪው ወጣት ነው። ጎሚስታው የሚለውን አለ፤ መርማሪው ጻፈ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀና አለ።

«አላጠበቅኩም ነው የሚሉት ወይስ አላስታውስም?»

«አላስታውስም።»

«አላስታውስም የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።»

«እንግዲያው አላጠበቀም በልልኝ።»

ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች። ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መርማሪው የሹፌሩን ፋይል ወደ ጎን አደረገ፤ ያ ለጊዜው አይፈረምም። አዲስ ፋይል ከፈተ። ዳሱ ምርመራው እስኪያልቅ ይታሸጋል አለ፤ ዝናብ ሊዘንብ ነው እንደሚል ሰው። ከዚያ ብዕር ዘረጋ። «ይፈርሙ።»

ጎሚስታው መፈረም ያውቃል። ግን ብዕሩ ጡጫው ውስጥ መግቢያ አጣ። በግራው ሞከረ፤ መስመሩ ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሄደ። መርማሪው ሰዓቱን አየና የቀለም ሣጥኑን ከፈተ።

«በጣትም ይሆናል። አውራ ጣትዎን ይስጡኝ።»

አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ሥር ተቀብሯል። መርማሪው ተነስቶ መጣና ይፈለቅቀው ጀመር። «ዘና ይበሉ አባባ። ዘና። አይጠንክሩ።» አንዷን ጣት ያነሳል፣ ትመለሳለች። ሚስቱ የእጅ አንጓውን ያዘች። ጎሚስታው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከሕመም ይሁን ከሌላ አይታወቅም። በመጨረሻ አውራ ጣቱ እንደ ጥርስ ተነቅሎ ወጣ። ቀለም ውስጥ ነከሩት፣ ወረቀቱ ላይ ጫኑት፣ ለቀቁት።

አልተመለሰም። አራቱ ጣቶች እንደተጨበጡ፣ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ተቀስሮ፣ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

ከቢሮው ወጡ። ሹፌሩ ሳያናግረው፣ ክራንቹን እያስቀደመ፣ ከእህቱ ጋር መንገዱን ተሻገረ። ጎሚስታው ወዲህኛው ዳር ቀረ። እጁን ኪሱ ሊከት ሞከረ፤ ጣቱ አላስገባ አለው። አንድ ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀነሰና ሾፌሩ በመስኮት አየው፤ የሚያውቀው ክርችም፣ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ሁሉ ደህና ነው የሚል አውራ ጣት አቁሞ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋለት፤ የራሱን አውራ ጣት መልሶ አሳየውና ሳቀ። ከኋላው የመጣውም እንዲሁ አደረገ።