የማርቫ ልክ

እኛ ከተማ፣ ሞንታና ተራሮች ውስጥ፣ ሰው ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚጠይቀው “ስንት ነው የምትነዳው?” ብሎ ነው። መልሱ ቁጥር ብቻ ነው፤ በረዶ ላይ ከምንነዳው ሞተር ሥር በመንኮራኩር ፋንታ የሚዞረው ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ርዝመት በኢንች። መቶ ስልሳ አምስት ካልክ ያከብሩሃል። መቶ አርባ ስድስት ካልክ “ለልጅህ ነው?” ይሉሃል። ረጅሙ ጥልቅ በረዶ ላይ አይሰምጥም፣ ዳገትም ይወጣል፤ መዞር ግን አይወድም። አጭሩ ቶሎ ይዞራል፣ ቶሎም ይሰምጣል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ያም ሆኖ ሁሉም ረጅሙን ይገዛል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኔም ከዶሮዎቹ አንዷ ነኝ።

ወንድሜ ሮስኮ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ግዙፍ ሰው ስለነበር ረጅሙ ይገባው ነበር። ሚስቱ ማርቫ ግን ቁመቷ ትከሻዬ ጋ አይደርስም። እሱ አዲስ በገዛ ቁጥር አሮጌው ለእሷ ይተላለፋል፤ የሰው ጫማ እንዳደረገ ሰው እየተንገዳገደች ትከተለናለች። ሜዳ ላይ ደህና ናት። ጫካ ስንገባ ሞተሩ አልዞር ይላትና ዛፍ ሥር ትቀበራለች። አካፋ ይዘን እየተመለስን “ይቺን ካልያዟት ቀጥ ብላ ድንበር ተሻግራ ካናዳ ትገባለች” እያልን እንስቅባታለን። እሷም አብራን ትስቅ ነበር። ሞተሩ አልሆነኝም ስትል ግን አንድም ቀን አልሰማኋትም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

እዚህ የክረምቱ ሞተር የሚታዘዘው በጸደይ ነው። ገና ያላየኸውን በረዶ አስበህ ትመርጣለህ፣ ፋብሪካው ባዘዝከው ልክ ሠርቶ ኅዳር ላይ ይልክልሃል። ሮስኮ ሚያዝያ ላይ አዘዘ። ነሐሴ ላይ እንጨት ሲፈልጥ ልቡ ቆመ።

ማርቫ ቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። ሰው ያመጣላትን ምግብ በላች፣ ሳህኑን አጥባ መለሰች። ለጠየቃት ሁሉ “ደህና ነኝ” ትላለች። ለእኔ ብቻ “ምንም አይሰማኝም። ክንድሽ ላይ ተኝተሽ ስትነሺ እንደሚደነዝዘው ነኝ፤ ሁሉ ነገሬ” አለችኝ። እኔ ለሁለታችን አለቀስኩ፤ እሷ አለማልቀሷ ደግሞ አናደደኝ። በዚህ ላይ ቤቱን ትታ ሌላ ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ልትገባ ወሰነች። እሷም ከሄደች ከወንድሜ ምን ይቀረኛል?

ኅዳር ላይ ባለ ሱቁ ዱዌን “የሮስኮ ሞተር መጥቷል” ብሎ ደወለ። ማርቫ ለሌላ ሰው ይሽጠው ብላ ነገሩን ልትጨርስ ሄደች፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ዱዌን ሸራውን ገፈፈው። ሰንሰለቱን አየሁና ደሜ ፈላ።

“ይሄማ አጭሩ ነው። ዱዌን፣ የማንን ነው ያመጣህብን?”

“የሮስኮን።”

“ሮስኮ? መቶ አርባ ስድስት? በሕልሙም አይነዳው። ሂድና የራሱን አምጣ።”

“አንቺ ሴትዮ፣ አንዳንዴ እንኳ አስጨርሺኝ።” ዱዌን ጓንቱን አወለቀ። “መጀመሪያ ረጅሙን ነበር ያዘዘው። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና ለውጥልኝ አለኝ። ምነው፣ ሸመገልክ እንዴ ብዬ ቀለድኩበት።”

“ምን አለህ?” አለች ማርቫ።

“‘ለእኔ አሮጌው ይበቃኛል። ይሄ የማርቫ ነው፤ ዛፍ ሥር ማደር ሰልችቷታል’ አለኝ። መሪውንም ዝቅ አስደርጎታል። ኅዳር ድረስ ትንፍሽ እንዳትል ብሎ አስምሎኛል።”

ማርቫ መሪውን ያዘች። ክንዷ ሳይንጠራራ ደረሰ። ፊቷ ላይ ግን ምንም አልነበረም። እንባዬ ሲወርድ አየችና ከጠረጴዛው ላይ የዘይት ጨርቅ አንስታ ሰጠችኝ።

“እና ልሽጠው?” አለ ዱዌን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“አንዴ ልሞክረውና ትሸጠዋለህ።”

በማግስቱ ጫካ ገባን፤ እሷ ከፊት፣ እኔ በረጅሙ ከኋላ። የመጀመሪያው ዛፍ ጋ ስትደርስ በለመደችው አኳኋን ሰውነቷን ሙሉ ወደ ጎን ጣለች። የሮስኮን አሮጌ ሞተሮች ለማዞር ያ ሁሉ ያስፈልግ ነበር። አጭሩ ግን ገና ሳትጨርስ ዞረና ወረወራት። በአፍጢሟ በረዶ ውስጥ ገባች፤ ከበረዶው በላይ ቦት ጫማዋ ብቻ ቀረ።

ጎትቼ አወጣኋት። “ተጎዳሽ?”

እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች።

“በረዶ ገባብኝ” አለች። “በረደኝ።”

“ታዲያ በረዶ ምን ሊሆን ነው?”

“በረደኝ እኮ ነው የምልሽ።” ከአንገቷ በረዶውን ዛቀች። “በጣም በረደኝ። ምነው ሮስኮ ቀድሞ ቢነግረኝ?”

ከዚያ ከነሐሴ ጀምሮ የያዘችውን አለቀሰችው። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ወንድሜ ልኳን ማወቁ ደስ አለኝ፣ እኔ ሳላውቅ መቅረቴ አሳፈረኝ።

ሲበቃት ተነሳች፣ ሞተሯን አቃናች፣ ዛፉን በአንድ እጅ እንደ ቀልድ ዞረችው። ልከተላት ብዬ መሪዬን ጠመዘዝኩ። መቶ ስልሳ አምስቴ አልዞርም አለና ቀጥ ብሎ ሄዶ ዛፉ ሥር ተቀበረ። የሞተሯ ድምፅ ራቀ። ሄደች ብዬ ሳስብ ድምፁ ተመልሶ መጣ። ማርቫ አካፋ ይዛ ከላዬ ቆመች፤ አፍንጫዋ ገና ቀይ ነው።

“ምነው፣ ካናዳ ልትገቢ ነው?” አለችኝ።