የእማማ ጽጌ ሰላምታ የበላው ካሴቴ

በ1978 ዓ.ም. ልብስ ሰፊው ገዛኸኝ የነበረኝን አንድ ካሴት አጠፋብኝ። ሳይጠይቀኝ ነው ያጠፋው። ይህን ለሰው ስናገር "በካሴት ይሄን ያህል?" ብሎ ይስቅብኛል። የሚስቀው ካሴቱ የሱ ስላልነበረ ነው። እኔ ግን በሽማግሌ ፊት ያዋረደኝን ነገር እንዴት እረሳለሁ?

ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን፣ በናፍጣ የሚሄድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነበር የምሠራው። ወፍጮው አጠገብ ስኖር ጆሮዬ ግማሹ ሄዷል። ክራርም ማሲንቆም አይሰማኝም። ሰው ሲዘፍን ለኔ አፉን መክፈቱ ብቻ ነው የሚታየኝ።

አንድ ቀን ከአሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር በሶ ሊያስፈጭ ደጃችን ቆመ። መኪናው ውስጥ ካሴት ከፍቷል። ወፍጮው እየጮኸ ዘፈኑ ጥርት ብሎ ተሰማኝ! አንድ ሰውዬ ወንድሙን እንደገደሉበት ሰው ይጮሃል፣ ከኋላው ብረት ብረትን ይፈጫል። በሶውን ጥዬ ወጣሁ።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ሄቪ ሜታል ነው የሚሉት። መርከበኞች ናቸው የሰጡኝ። እኔን ራሴን ያመኛል፤ ከወደድከው ውሰደው" አለኝ።

ወሰድኩት። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ መጀመሪያ የጻፍኩት ነገር በዚያ ካሴት ላይ ነው። በቁራጭ ወረቀት "አይነካም" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት።

ቴፕ አልነበረኝም። ቴፕ ያለው ገዛኸኝ ነው። በገበያ ቀን ቴፑን ይዞ ይመጣል። ከአልዩ አምባ በርበሬ ጭኖ የሚወጣው ሰይድም መጣ፣ ሰማ፣ ወደደ። ሦስታችን ወፍጮው እየሠራ እንሰማለን፤ ወፍጮው ካልሠራ የፈረንጅ ዘፈን ብለው ቀበሌ ይጠሩናል። አንድ ቀን ግን የቀበሌው ሊቀመንበር በበሩ ሲያልፍ ቆም ብሎ አዳመጠ።

"ይኼ ወፍጮ ታሟል፤ ግሪስ ቀባው እንጂ!" ብሎኝ ሄደ።

ሰይድ በርበሬው ላይ ወድቆ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ብዙ አልስቅም።

አሁን ወደ ጥፋቱ። የገዛኸኝ ታናሽ ወንድም ደሚሴ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። እናታቸው እማማ ጽጌ ፊደል አይቆጥሩም፤ ስለዚህ ገዛኸኝ ድምፃቸውን በካሴት ቀድቶ ሊልክለት አሰበ። ባዶ ካሴት አላገኘም። የኔ ካሴት እንዳይቀዳበት ከላይ ጠርዙ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ላስቲኮች ተሰብረዋል፤ እሱ "አይነካም" የሚለውን ወረቀቴን ልጦ ቀዳዳዎቹን ደፈነበት። ማንበብ ይችላል እኮ! ከኔ በፊት ነው የተማረው።

"እናቴ ሰላም ብላው ታበቃለች፤ ከዳር ትንሽ ብትወስድ ነው ብዬ" አለኝ በኋላ።

የሸዋ እናት ናት ሰላም ብላ የምታበቃው? እማማ ጽጌ "እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ" ሲሉ አንዱ ፊት ግማሽ ሆነ። ከዚያ የጎረቤት ሰላምታ በስም በስም፣ የላሟ መውለድ፣ የአክስቱ ወገብ፣ ምርቃት። ካሴቱ ተገለበጠ፤ እሳቸው አልጨረሱም። ከዘፈኑ የተረፈው የሁለተኛው ፊት ግማሽ ነው። ያንንም ጭኖ ግንባር ላከው።

ሽማግሌ አስቀመጥኩበት። መምሬ ዘውዴና ሁለት አዛውንቶች ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

"የጠፋብህ ምንድን ነው?" አሉኝ መምሬ።

"ዘፈን።"

"ዘፈን እንዲሁ ዘፈን ነው። ምን ያህል እንደጎዳህ ሳናውቅ እንዴት እንፍረድ? በል አሰማን።"

"መምሬ፣ እኔ እኮ..."

"ተበዳይ ነኝ ብለህ የለም? አሰማን!"

ጋቢዬን አስተካከልኩና ጮኽኩ። አቅሜ የፈቀደውን ያህል ጮኽኩ። ከዛፉ ላይ ወፍ ተነሣ። አንደኛው አዛውንት ከዘራቸውን ጨበጡ፤ መምሬ መስቀላቸውን አወጡና "በስመ አብ! ጠበል ተጠምቀሃል?" አሉኝ። ለምስክርነት ሰይድን ጠሩት።

"ወላሂ እንዲህ ነው፤ ሰውዬው ግን ከሱ ይሻላል" አለ ከሃዲው።

ከሳቁ በኋላ ፈረዱ፤ ገዛኸኝ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቀኝ። ተሸክሞ መጣ። እንቁላል የምታክል ድንጋይ!

"ይቺ ድንጋይ ናት ጠጠር?" አልኩት።

"የበደሌን ያህል ነው የተሸከምኩት" አለኝ።

ጥዬው ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ጤፉን የምፈጭለት ባቄላ ከፈጨሁ በኋላ ነበር። እንጀራው ሽሮ ሽሮ እያለው ዓመት በላ። አልጸጸትም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ ደሚሴ ለዕረፍት መጣ። እናቱን ይዞ ወፍጮ ቤቱ ድረስ መጥቶ ካሴቱን እጄ ላይ አኖረው።

"ጋሼ፣ ንብረትህን" አለኝ። "ግንባር ላይ ስምንት ሆነን ነው የምንሰማው። እማዬ መርቃ 'አሜን በል' ስትል ያ ጯሂው ሰውዬ ይነሣል። መጀመሪያ ጓደኞቼ 'እናትህ ተቆጡ' ብለው ደነገጡ። አሁን በሱ ካልነቃን ቀኑ አይነጋልንም።"

ቴፕ መጣ፣ ከፈትነው። ወፍጮውን አጠፋሁና ጆሮዬን አስጠጋሁ። እማማ ጽጌ ሰላምታ ሲያወርዱ ድንገት እኔ ላይ ደረሱ። "ያ ቁጡው የወፍጮ ቤቱ ሰውዬም ደህና ነው። የምታገባው አላገኘም። አፉ እሬት ነው፤ ግን ከሰው ዱቄት ቁንጣሪ አያነሣም።"

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "እኔ እኮ አንተ ትሰማለህ ብዬ ነው ልጄ?" አሉኝ።

ካሴቱ እጄ ላይ ነው። ሾፌሩ አሰብ ወስዶ ዘፈኑን እንደገና በላዩ ላስቀዳልህ ብሎኛል፤ ያኔ የእማማ ድምፅ ይጠፋል። ሕጉ ከኔ ጋር ነው። ደሚሴ መሬት መሬት ያያል።

"እንካ፣ ይዘኸው ሂድ" አልኩት።

ደግ ሆኜ አይደለም። እዚያ የሚሰሙት ስምንት ናቸው። እዚህ ሦስት ነን፤ አንዱን ደግሞ አላናግረውም ነበር።

ደሚሴ እግዜር ይመስገን በሕይወት ተመለሰ፤ ካሴቱ ግን እዚያው ቀረ። ያን ሰውዬ ዳግም አልሰማሁትም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፤ ስምንት ወታደር በሱ ጩኸት ሲነሣ ሳስብ ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ። ገዛኸኝን ከልቤ ይቅር አልኩት አልልም። ጤፉን ከባቄላ በፊት የፈጨሁለት ግን ደሚሴ በሄደ ማግስት፣ ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው።