የበርበሬ ቀን ረቡዕ ነው

ወፍጮ ቤቴን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ስለ ማን እንደምጽፍ ወዲያው ይገባዋል። ስም አልጠራም። የማልጠራው ፈርቼ አይደለም፤ በእኔ እጅ እንዲጻፍ ስለማልፈልግ ነው። የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ ይበቃል። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን አስቀርቼበታለሁ።

ባሌ ሲሞት፣ ገበሬው አህያውን እየነዳ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚገባበት መንገድ ዳር ያለችውን አንዲት ወፍጮ ትቶልኝ ሄደ። ስለ ሕመሙና ስለ መጨረሻው ቀን አልጽፍም፤ እሱ የራሴ ነው። አርባው እንደወጣ ወንድምየው ሽማግሌ ሰበሰበ።

"ወፍጮ የወንድ ሥራ ነው" አለ። "ይሸጥና ሁላችንም ድርሻችንን እንያዝ።"

የሽማግሌዎቹ መሪ የንስሐ አባታችን ነበሩ። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ እስከ ዳግም ትንሣኤ ጊዜ ሰጡኝ። እስከዚያ ወፍጮው ደህና ከሠራ በእጄ ይቆያል፤ አስፈጪ ከሸሸው ይሸጣል። ያኔ ጥምቀት ገና ማለፉ ነበር።

"ምን አደከመሽ?" አለኝ ወንድምየው ስንወጣ። "ዱቄት ተለቅልቀሽ ልታረጂ ነው?"

"ዱቄት ይታጠባል፣ ጋሼ" አልኩት።

ያን ጊዜ ወፍጮው ጥሩ አልነበረም፤ ይህን አልክድም። ባሌ ሞተሩን ሲያሠራ፣ ወንድሙ በር ላይ ባለ መደገፊያ ወንበር ተቀምጦ ተራ ይሰጥ ነበር። ያ ወንበር ስንቱን አስቀይሟል! ዘመድ ከመጣ ይቀድማል፤ የክርስትና ልጁ እናት ትቀድማለች፤ አብሮት የጠጣ ይቀድማል። ከሩቅ አገር በማለዳ ተነሥታ የመጣች ሴት ግን ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትቆጥራለች። የእኔ ሥራ መጥረግና ማጽዳት ስለነበር ዝም እል ነበር። ዝም ያልኩበትን ሁሉ ግን አልረሳሁትም።

በዚያው ሰሞን ለአነስተኛ ነጋዴዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ ተቀመጥኩ። አሠልጣኟ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ስለ ምርታማነት ብዙ አወራች፤ አብዛኛው ከጆሮዬ አልገባም። በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ "ማዘር፣ ማሽንዎ መብራት እያለ ሥራ የሚፈታው መቼ መቼ ነው?" አለችኝ።

ማዘር መባሉን አልወደድኩትም። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

በማግስቱ ምንም ሳልናገር ጥግ ይዤ ወፍጮዬን ስመለከት ዋልኩ። መብራቱ መጣ። ሞተሩ ተነሣ። ሁለት ሴቶች "እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት" እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ሞተሩ ባዶውን ዞረ። አንዷ በርበሬ አስፈጨች። ከእሷ ቀጥላ ያለችው ጤፍ የያዘች ስለነበረች፣ ከባሌ በኋላ የቀጠርኩት ፈጪ በርበሬውን ለማጠብ በቆሎ እያፈሰሰ ደጋግሞ ፈጨ። የወጣው ቀይ ዱቄት ለሰውም ለከብትም አይሆንም፤ ተደፋ። ከዚያ ሌላ በርበሬ መጣ፤ ከዚያ እንደገና ጤፍ፤ እንደገና ማጠብ። ወደ እኩለ ቀን ዱቄቱ ሻከረ፤ ድንጋዩ ደንዟል ተባለና ሞተሩ ቆመ። ወቃሪ ፈልጉ ተባለ። ወቃሪው ከገበያ እስኪገኝ መብራቱ ሄደ። ገበሬዎቹ ጆንያቸውን መልሰው አህያ ላይ ጫኑና ሁለት ድንጋይ ወዳለው ወደ ታችኛው ወፍጮ ወረዱ።

ለካ የእኔ ወፍጮ ችግሩ አንድ መሆኑ አልነበረም። አንዱም አይሠራም ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት ወንበሩን ማንሣት ነው። በቦታው ሚዛኑን አቆምኩ። ተራ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጆንያ ሆነ፤ የመጣ ይመዝናል፣ ጆንያውን በግድግዳው ጥግ ካለው ከመጨረሻው ኋላ ያስቀምጣል፣ ከፈለገ ገበያውን ዞሮ ይመጣል። አንዱ ሲፈጭ የሚቀጥለው ጆንያ አፉ ተፈትቶ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ድንጋዩ እስኪደነዝ አልጠብቅም አልኩ። በበዓል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ገበሬው ወደ አገሩ ስለሚመለስ ወቃሪው ያን ጊዜ እንዲመጣ ተስማማን። በበዓሉ ቀንማ የመዶሻ ድምፅ ካሰማሁ ሰፈሩ ያወግዘኛል። ሦስተኛ፣ በርበሬ ረቡዕ ብቻ እንዲሆን አደረግሁ። ረቡዕ ማታ አንድ ጊዜ እናጥባለን፤ ከሐሙስ ጀምሮ ጤፉም ስንዴውም በንጹሕ ድንጋይ ይፈጫል።

ነገሩ ሁሉ ያማረ መሰለኝ። የመጀመሪያው የበርበሬ ረቡዕ መጣ፤ መብራት አለ፣ ፈጪው አለ፣ እኔ አለሁ፤ አስፈጪ የለም። አንዲት ጎረቤት ወተት ይዛ ስታልፍ በሩ ክፍት መሆኑን አይታ ቆመች።

"ምነው፣ በደህና?"

"በርበሬ እጠብቃለሁ።"

"በሚካኤል?" አለችና ሳቀች። "መልአኩ ራሱ ይዞልሽ ይምጣ እንጂ ማን ይወጣል!"

ሳምንቱን በጣቴ ስቆጥር የወሩን ቀን ረስቼዋለሁ። በማግስቱ ሐሙስ የበርበሬው ሁሉ ባለቤት ከጤፉ ባለቤት ጋር በአንድነት መጣ። ግቢው በማስነጠስና በስድብ ተሞላ። የባሌ ወንድም ከመንገዱ ማዶ ቆሞ "ቀን የማታውቅ ሴት ወፍጮ ይዛ!" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት።

ሞተሩን አስቆምኩና ለሴቶቹ "እናንተ ንገሩኝ፤ ረቡዕ በዓል ሲውል በርበሬው መቼ ይሁን?" አልኳቸው። ተንጫጩ። በኋላ አንዲት የመርጡለ ማርያም ተወላጅ፣ "ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን አድርጊው፤ በዓል ሲደርስ ቤታችን ሙሉ ይሁን" አለች። ተስማማን። ያን ዕለት በርበሬ የያዙትን መለስኩ። ሁለቱ ተቆጥተው ሄዱ፤ የቀሩት ግን በሳምንቱ ተመለሱ። የተስማማነውን ራሳቸው ከቅዳሴ መልስ ለሌላው ነገሩልኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ተራው ይፈስ ጀመር። ሴቶች "እዚያ ከሄድሽ ቶሎ ትመለሻለሽ" ይሉ ነበር። ከታችኛው ወፍጮ ወጥቶ ወደ እኔ የሚመጣ አህያ ሳይ ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም።

ጾሙ ሲጋመስ፣ በጤፍ ቀን፣ ባጃጅ ከበሩ ቆመ። የባሌ ወንድም ወረደ። ልጁን ከፋሲካ በኋላ ሊድር ነበር። ከኋላው ትልቅ የበርበሬ ጆንያ አስወረደና በቀጥታ ወደ ድንጋዩ አስወሰደው። ፈጪው አየኝ።

"ጋሼ፣ የበርበሬ ቀን ረቡዕ ነው" አልኩት።

"የሰርግ በርበሬ ነው።"

"የሰርግም ቢሆን።"

"በወንድሜ ወፍጮ ላይ ቀን ትቆርጪብኛለሽ?"

በግድግዳው ጥግ የተደረደረው ሁሉ ጤፍ ነበር። ያን በርበሬ ካስገባሁ እነዚያ ጆንያዎች ዳግም አይመለሱም። ካላስገባሁ ደግሞ ዘመድ አባረረች ተብዬ ሽማግሌ ፊት እቆማለሁ። እጄን ግን ከሞተሩ ማጥፊያ ላይ አላነሣሁም።

"ረቡዕ ይምጡ። ተራ ይይዛሉ" አልኩት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ አላቀድኩትም። ሰውየው ተቆጥቶ ወደ ሰዉ ዞረ።

"ተራ! እኔ ተራ! ይኼ ወንበር እዚህ እያለ በስንቱ ጤፍ ፊት በርበሬዬን አስገብቻለሁ! የማኅበሩ ጤፍ ተደርድሮ ሳለ እንኳ ማንም ሳይመጣ በማለዳ ገብቼ፣ ሞተሩን ራሴ አስነሥቼ ፈጭቼ ወጥቻለሁ። ማን ተናገረኝ?"

ከተራው መካከል አንዲት ሴት ቀስ ብላ ተነሣች። የንስሐ አባታችን ባለቤት ናት።

"የቱ ማኅበር?" አለችው።

ነገሩን ላስረዳ። ባሌ በሕይወት ሳለ፣ የማኅበሩ ጽዋ በእሷ ቤት በዋለበት ቀን፣ እንጀራው በርበሬ ነበር። ቄሶቹ እየሳሉ፣ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸው እያለቀሰ ተበተኑ። ሴትዮዋ በእንግዶቿ ፊት አፈረች። ጥፋቱ በማን ተላከከ? ድንጋዩን በምታጸዳው በእኔ። ሽታው እንዴት አልታወቀሽም ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ወፍጮ ቤት መቼም በርበሬ በርበሬ ይላል። ወንድምየው እዚያው ተቀምጦ፣ እኔ ይቅርታ ስጠይቅ እየሰማ፣ "ሴት ቸልተኛ ናት" ብሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች ሴት በአጠገቤ ስታልፍ ሰላምታዋ አጭር ነበር።

"እኔ እኮ ይህቺን ሴት ነው ያማሁት!" አለች። "በዓመቱ ማኅበር ላይ ሳይቀር አነሣሁት። አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ እንጀራዬን በላህ!"

"እህ... እንዲያው ሆዴ ተቃጥሎ ነው" ብሎ ማጉረምረም ጀመረ።

"ሆድህማ ይቃጠል፣ ያንን በርበሬ ያበላኸን!" አለች ከተራው ኋላ ያለች ሌላ ሴት፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

እኔ አልሳቅኩም። ሞተሩን አስነሣሁና "ቀጣይ" አልኩ።

ረቡዕ መጣ። ሌላ ቦታ ይወስደዋል ብዬ ነበር፤ ታችኛው ወፍጮ ግን የበርበሬው ድንጋይ ተሰንጥቆ ቆሟል። ጆንያውን መዘነና ከመጨረሻው ኋላ አስቀመጠ። ተቀመጠበትም። ሲያስነጥስ "ይማርዎ" አልኩት። ተራው ሊደርስ አንድ ሰው ሲቀረው መብራት ጠፋ።

"አሁንስ?" አለኝ።

"እንጠብቃለን፣ ጋሼ። ሁላችንም እንደምንጠብቀው።"

መብራቱ ሲመጣ ቀጥሎ ያለውን ጆንያ አስፈጨሁ፤ ከዚያ የእሱን። ቶሎ ላስገባውም፣ ላቆየውም እችል ነበር። ሁለቱንም አላደረግሁም። ያ ቀን ለእኔ ከማንኛውም በቀል በላይ ነበር።

በዳግም ትንሣኤ ማግስት ሽማግሌዎቹ መጡ። ሰኞ ነበር፤ ጾም ተፈትቶ ሰው ሁሉ የጾመበትን ሊበላ የጤፍ ተራው እስከ መንገድ ወጥቷል። የባሌ ወንድም ከኋላቸው ገባና በልማዱ ወደ በሩ ዞሮ ወንበሩን ፈለገ። እዚያ ያለው ሚዛኑ ነው።

የንስሐ አባታችን ከሚዛኑ አጠገብ ቆሙ። አንዱ ጆንያ ሲወጣ ሌላው ሲገባ ያያሉ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው "የሚሸጠው የቱ ነው? ይኸው የሚሠራው?" አሉት።

"በእጇ ይቆይ" አሉ። ቀጥለው እኔን ጠርተው "አንቺም ልጄ፣ ስለዚያ ስለ ማኅበሩ ነገር ይቅር በይው" አሉኝ።

"ይቅር ብያለሁ፣ አባቴ" አልኩ፤ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። በአፌ ብያለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ለእሳቸው በንስሐ እነግራቸዋለሁ፤ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የባሌ ወንድም አሁንም ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ የሚያስቀምጠው አጣ።

"ጆንያው ላይ ይቀመጡ፣ ጋሼ" አልኩት። "በርበሬ ከሆነ ግን ከነገ ወዲያ ነው።"