በሳጥኗ ፊት የሚመላለሱት እናት

እስቲ እኚያን አሮጊት እዩልኝ! ዊላንዳ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የባቡር ሐዲዱ ተነቅሎ የእግረኛ መንገድ በሆነው የወንዝ ዳር፣ ሰፊ ባርኔጣቸውን ደፍተው ከእንጨቱ ድልድይ አፍ ላይ ይመላለሳሉ። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ሕፃን እንኳ አያደክምም። እርምጃቸው ግን አጭርና እኩል ነው። ሐዲዱ ሳለ ከአግዳሚ እንጨት ወደ አግዳሚ እንጨት ሲረግጥ የኖረ እግር ጠጠር ላይም ልማዱን አይተውም።

የከተማው ምክር ቤት መንገደኛ የለም ብሎ ድልድዩን ሊያፈርሰው ነው። ቆጥሮ ነዋ! ድልድዩ አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ የቸነከራት ትንሽ ሳጥን በፊቷ ያለፈውን ሁሉ ትቆጥራለች። የምክር ቤቱ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ያልረገጡትን መንገድ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በሳጥን ይዳኙታል! አሮጊቷም ታዲያ በሳጥኗ ፊት ያልፋሉ፣ ይዞራሉ፣ ደግሞ ያልፋሉ።

«እማማ፣ ዛሬም ብቻዎን ሕዝብ ሆኑ?» ይላቸዋል አንድ ብስክሌተኛ።

«አንተ ሰነፍ፣ ውረድና አግዘኝ! ቁጭ ብሎ የሚሄድ ደግሞ ምን መንገደኛ ነው?»

እየሳቀ ይወርድና አብሯቸው ሦስት ጊዜ ይመላለሳል።

ሲደክማቸው ድልድዩ መሐል ቆመው አንዱን ምሰሶ እንደ በሬ ጀርባ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል።

«ማን ነው ያቆመው?» ይላቸዋል ብስክሌተኛው።

«የኛ ሰውዬ» ብለው፣ ቬጂማይት የሚሉትን ጥቁር ጨዋማ ማባያ የቀቡትን ዳቧቸውን ይገምጣሉ።

አንባቢዬ፣ ይህማ ማጭበርበር ነው ልትለኝ ይሆናል። ፍርድህን አቆየውና ቅዳሜ ጠዋት ጫማህን አስረህ ና፤ እባክህ፣ ድልድዩን በእግርህ ተሻገርልን።