ዓይኑን የሰበረው ልብስ ሰፊ

ደባርቅ ላይ የሴት ልብስ የሚሰፋ ሰው ሞልቷል፤ ሴት ሳያይ የሚሰፋ ግን ያርጋል ብቻ ነበር። ደንበኛ ስትመጣ ዓይኑን ሰብሮ፣ መሬት መሬት እያየ ሰላምታ ይሰጣል። ሜትሩን አብራት ለመጣችው እህቷ ወይም ጓደኛዋ ያቀብልና ፊቱን ወደ ስፌት መኪናው ያዞራል። እነሱ ለክተው ቁጥሩን ይነግሩታል፣ እሱ ይቆርጣል። ከሴት ጋር ብቻውን ከሆነ የደባርቅ ብርድ አጥንት ድረስ ቢዘልቅም በሩን አይዘጋም። ሌላው ሰፊ ያማረ ቀሚስ ሲጨርስ ገዢ እንዲያየው ደጅ ላይ ይሰቅለዋል፤ ያርጋል በማዳበሪያ ጠቅልሎ ጥግ ያስቀምጠዋል። ለገበያ የማይበጅ ጠባይ ነው። ስፌቱ ግን ያማረ ነበርና ሴቶቹ እየሳቁም ይመጡለታል።

"ያርጋልየ፣ ሙሽራ ነህ እንዴ? ቀና በል እንጂ!" ይሉታል።

ሙሽራስ አልነበረም፤ ሚስቱ የሞተችበት የአርባ ዓመት ሰው ነው። የተወለደው ከዳባት በታች ባለች መንደር፣ ከቤተ እስራኤል ወገን፣ ከሸክላ ሠሪ እናት ነው። ዘመዶቹ አንድ ባንድ ወደ እስራኤል ሲሄዱ እሱና ሚስቱ የትናየት ጎንደር ወርደው ተራ ይጠብቁ ነበር። ተራው ሳይደርስ የትናየት ሞተች፤ እሱም ጎንደርን ትቶ ደባርቅ ገባ። ዓይኑን የሚያሰብረውን ሕግ የሰማው እዚያው ጎንደር፣ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። "ሰው ቀን በልቡ ያመላለሰውን ሌሊት በሕልሙ ያየዋልና ሐሳቡን ይጠብቅ" ብለው አስተማሩት መምህሩ። "ዓይን ካላየ ልብ አይመኝም። የምታውቃትን ሴት ልብስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንኳ ትኩር ብለህ አትመልከት።"

ለልብስ ሰፊ እንዲህ ያለ ሕግ! ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ሕጉን ወይ ሙያውን ይተው ነበር። ያርጋል ሁለቱንም ያዘ። ሙያው እንጀራው ነው፤ ሕጉ ደግሞ ወገኖቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ የእኔ የሚለው የቀረው ነገር ነው።

ከተማው ማንነቱን ያውቃል፤ ከተማ የማያውቀው ነገር የለም። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኑን ሰማ፣ ዓይኑን መስበሩን አየ፣ ሁለቱን ደመረ። "ቀና ብሎ የማያየው ለምን ይመስላችኋል? ዓይኑ የሚሠራውን ያውቀዋላ!" አለ አንዱ ጠላ ቤት ተቀምጦ። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል የሚል ወሬ ስንት ምስኪን እንዳስለቀሰ እግዜር ይወቀው። ወሬው ዞሮ ዞሮ ያርጋል ጆሮ ደረሰ። ቀና ብሎ ሰው ማየት ቢጀምር ምናልባት ይበርድ ነበር። እሱ ግን እንዳቀረቀረ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር፣ ዓይኑን አብዝቶ የሚጠብቀው ከአንዲት ሴት ነበር። ናዝራዊት ትባላለች። የሱቁ አከራይ የጋሽ እንግዳው ልጅ ናት፤ ከባሏ ተፋትታ አባቷ ቤት የተመለሰች፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት። እንደሌሎቹ አትቀልድበትም። "ደህና ዋልክ ያርጋል?" ብላ ብቻ ታልፋለች። ፊቷን አይቶት አያውቅም፤ ጫማዋንና ድምፅዋን ግን ያውቃል። ድምፅዋን የሰማ ቀን ሥራ አይሆንለትም፣ የግራውን እጅጌ በቀኝ ገጥሞ እንደገና ይተረትራል። ጾመ። ዳዊት ደገመ። ሐሳቡ ግን አልተወውም፤ በራሱ እጅግ አፈረ።

በጥቅምት ናዝራዊት ለንግድ ወደ ቆላው ዛሪማ ወርዳ ሰነበተችና በትኩሳት ተንዘፍዝፋ ተመለሰች። ጤና ጣቢያ ወባ ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት። መድኃኒቱን ጀመረች፤ ትኩሳቱ ግን ወዲያው አልለቀቃትም፣ ያቃዣት ገባ። በቅዠቷ መሀል "ያርጋል" ብላ ተጣራች።

ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ሲሸፍነው፣ እንግዳው ዱላ የያዙ ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ ሱቁ ደጃፍ ቆመ።

"ያርጋል፣ ልጀን ልቀቃት።"

"ምን አደረግኋት፣ ጋሽ እንግዳው?"

"ስምህን ጠራች። የበላውን ሰው ስም የሚጠራ የተበላ ነው። ና እንትፍ በልባትና ትነሣ። ከተነሣች ማንም አይነካህም።"

"ወባ ነው ተብላ የለም ወይ?"

"ወባ የሰው ስም ያስጠራል?"

ያርጋል ወጥመዱ ገባው። እንትፍ ካለ ሰው በላ ነኝ ብሎ በራሱ ላይ መመስከሩ ነው። እምቢ ካለና ከሞተች አይምሩትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ! ከሁሉ የባሰበት ግን ሌላ ነው፤ ስሜን ጠራች ሲባል ደስ አለው። ዱላ ፊት ቆሞ ደስ አለው፣ ወዲያውም ደነገጠ። ስንት ጊዜ በልቤ አመላለስኳት፤ ሐሳቤ ጎድቷት ይሆን? ሕጉ ክፉ ሐሳብ ያሳቢውን ነፍስ ያረክሳል ይላል እንጂ ሌላ ሰው ይገድላል አይልም። ያርጋል ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በዚያች ሰዓት ግን ማወቁ ምንም አልረዳውም፤ መቀሱን አስቀምጦ ተከተላቸው።

እናቷ ወርቄ ገና ከደጅ እግሩ ላይ ወደቀች። "እባክህ ወንድሜ፣ ቀና ብለህ እያት። ሳታያት እንትፍ ብትል አይሆንም" አለችና ወደ ውስጥ አስገብታ የልጇን ፊት ገለጠችለት።

ያርጋል ቀና አለ። ከሲታ ፊት፣ የደረቀ ከንፈር፣ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት። ያን ሁሉ ጊዜ የሸሸው ፊት ይህ ነበር። ትዳን እንጂ እኔ የፈለጉትን ልባል አለ በልቡ። እንትፍ አለ፤ አፉ ደርቆ ምራቅ እንኳ አልወጣውም።

ምንም አልሆነም። ጎረምሶቹ በሩን ይዘው ቆሙ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ናዝራዊትን ላብ አጠመቃት፣ ትኩሳቷ በረደ። ዓይኗን ገልጣ "ውኃ" አለች።

ወርቄ እልል ልትል ጀምራ ድንገት ያርጋልን አየችና ተወችው። ጋቢውን ስባ የልጇን ፊት ሸፈነች።

"መድኃኒቱ ነው" አለ ያርጋል። "እመኑኝ፣ የዋጠችው መድኃኒት ነው!"

የሰማው የለም። ጎረምሶቹ ከበሩ ዘወር ብለው ሰፊ መንገድ ለቀቁለት፤ አንደኛው ፊቱን በነጠላው ከለለ።

እንግዳው እስከ ደጅ ሸኘው። ቁጣው በርዶለታል፣ እንደ ትልቅ ሰው አክብሮ ነው የሸኘው።

"እግዜር ይስጥህ፣ ቃሌ ቃል ነው" አለው። "የጎረቤታችን የክንዴ ሕፃን ልጅ ታማ እህል ካቆመች ሰነበተች። ዛሬ ሐኪም ዘንድ ሊወስዳት ነበር፤ ተው፣ ያርጋል አለልህ ብየዋለሁ። ማለዳ መጥተን እንወስድሃለን።"